መኪናው መቼ ይምጣ?
ስለ ሸቀጥ ማከፋፈያ ዙር በጅማ ቦሳ ኪቶ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ መኪና ዕቃ ጭኖ ይወጣል፤ ብዙ ቦታ ይቆማል፤ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ያወርዳል፤ ማታ ይመለሳል። ለስላሳ የሚያከፋፍለው፣ የታሸገ ውሃ የሚያደርሰው፣ ዳቦ የሚያዞረው፣ ለባንክ ማሽን ገንዘብ የሚወስደው፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ እሸት የሚሰበስበው ሁሉ ሥራው ይኸው ነው። በሌላው ዓለም ይህን ሥራ አብጠርጥረው የሚያውቁት በየመንገዱ ዳር የቆሙ መሸጫ ማሽኖችን የሚሞሉ ሰዎች ናቸውና ከእነሱ ልጀምር።

ሳንቲም ጎርሶ ዕቃ የሚያወጣ ማሽን ለጅማ ሰው ባዳ ነው፤ ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ይኖር የነበረው ሄሮን የተባለ የጥበብ ሰው፣ ሳንቲም ሲጣልበት ለቤተ መቅደስ መታጠቢያ የሚሆን የተመጠነ ውሃ የሚያወርድ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ አልፏል። ዛሬ በምናውቀው መልኩ የመጣው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ለንደን ውስጥ ፖስትካርድ፣ በ1888 ደግሞ ኒውዮርክ የባቡር መሳፈሪያ ላይ ማስቲካ መሸጥ ጀመረ። አሁን ጃፓን ውስጥ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሉ።

ማሽኑ ሻጭ አይፈልግም፤ የሚሞላው ሰው ግን ይፈልጋል። ንግዱ የሚያተርፈውም የሚከስረውም እዚያ ላይ ነው። ዱሮ ይህ ሰው መኪናውን ጭኖ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን እያንዳንዱን ማሽን ይጎበኝ ነበር። ይከፍታል፣ ምን እንደጎደለ ያያል፣ ወደ መኪናው ተመልሶ የጎደለውን ይለቅማል፣ እንደገና ሄዶ ይሞላል። አንዱ ማሽን ገና አልተነካም፤ ሌላው ባዶ ከሆነ ቀናት አልፈው ሳንቲሙን የበላበት ደንበኛ በቡጢ ሲመታው ከርሟል። መኪናው ግን ሁለቱም ጋ እኩል ይቆማል። ኋላ ማሽኖቹ የሸጡትን በስልክ መስመር ማሳወቅ ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ የተገኘው ጥቅም የመንገዱ ማጠር አልነበረም። ያልጎደለበት ቦታ መሄድ ቀረ። ቀጥሎም ዕቃው ገና መጋዘን ሳለ ለእያንዳንዱ ማሽን እየተለቀመ ለየብቻው በሣጥን ይወጣ ጀመር።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚበጀውን ልንገራችሁ። የማከፋፈል ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «በየት በኩል ልሂድ?» ብሎ ነው። ጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ግን ይህ ጥያቄ ከሚገባው በላይ ጊዜያችንን ወስዷል። ገንዘብ የሚበላው «መቼ ልሂድ?» የሚለውን ሳይመልሱ መውጣት ነው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ በካርታው እንየው። ከጅማ የሚወጡትን ዋና ዋና መንገዶች ቁጠሩ። ወደ ምሥራቅ በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሰኮሩ አልፎ ጊቤን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባው አለ። ወደ ሰሜን ምዕራብ በየቡ እና በአጋሮ በኩል ወደ በደሌ የሚሄደው አለ። ወደ ደቡብ ምዕራብ በሰቃና በሸቤ ወደ ቦንጋ የሚወርደው፣ ወደ ሰሜን ሊሙ ገነት የሚያደርሰው፣ ወደ ደቡብ ዴዶ የሚያስገባው አለ። እንደ እጅ ጣቶች ሁሉም ከአንድ መዳፍ ይወጣሉ። ከአጋሮ ወደ ሸቤ መሄድ የፈለገ የጭነት መኪና ጅማ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ይወጣል።

ነገሩን በቁጥር የያዙት ሰዎች ብዙ ዘመን አልሆናቸውም። ጆርጅ ዳንዚግና ጆን ራምሰር በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ከአንድ ዴፖ ተነስተው ለብዙ ማደያዎች ቤንዚን የሚያደርሱ ቦቴዎች እንዴት ቢደለደሉ እንደሚሻል አሳዩ። በ1964 ክላርክና ራይት የተባሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ ማንም ነጋዴ በደረሰኝ ጀርባ ሊሠራው የሚችል ስሌት አመጡ። ስሌቱ እንዲህ ነው። ሁለት ቦታ በሁለት የተለያየ ጉዞ ብሄድ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? አንድ ላይ ብይዛቸውስ? ልዩነቱ ቁጠባ ነው። ቁጠባቸው ትልቅ የሆኑትን ጥንዶች አንድ ዙር ውስጥ አስገባ፤ ቁጠባ የሌላቸውን ለያይ።

በእኛ ከተሞች እንሞክረው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቡ በዚያው መንገድ ላይ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት እንበል። ለየብቻ ደርሶ መልስ ቢኬድ 90 እና 44፣ ድምሩ 134 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ላይ ሲያዙ የቡ መንገድ ላይ ናትና 90 ይበቃል። 44 ኪሎ ሜትር ተረፈ። አሁን አጋሮንና ሰቃን እንውሰድ። ሰቃ በቦንጋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለየብቻ 90 እና 40፣ ድምሩ 130። አንድ ላይ? ያው 130፤ ቁጠባው ዜሮ። አጋሮና ሰቃን በአንድ ቀን አብሮ የሚያዞር አከፋፋይ በኪሎ ሜትር ያተረፈው የለም፤ ሹፌሩን ግን አድክሟል፣ ሰቃም የሚደርሰው ሱቅ ሲዘጋ ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር አቀማመጥ «በየት» የሚለውን መንገዱ ራሱ መልሶታል። አንድ ቀን ለአንድ መንገድ። የቀረው ለየትኛው መንገድ የትኛው ቀን ይሁን፣ በሳምንትስ ስንቴ ይወጣ የሚለው ነው።

ከተማ ውስጥ ሲሆን ቅደም ተከተል ቦታ እንዳለው አልክድም። አሥር ሱቅ ያለበት ዙር ከ3.6 ሚሊዮን በላይ በሆነ ቅደም ተከተል ሊሄድ ይችላል፤ አሥራ አምስት ሲሆን ቁጥሩ ከ1.3 ትሪሊዮን ያልፋል። ይህን ሁሉ ሞክሮ የሚጨርስ ሰው የለም፤ ደግነቱ አያስፈልግም። የሄድክበትን መስመር መልሰህ አትቁረጠው፤ አዌቱን ስትሻገር በወዲያኛው በኩል ያለውን ሁሉ ጨርሰህ ተመለስ። ፈረንጅ አራዳ አውርዶ፣ አጂፕ ደርሶ፣ «መርካቶ ጋ አንድ ሱቅ ረሳሁ» ብሎ የሚመለስ መኪና በየቀኑ አለ። እሱን ማስተካከል ትምህርት አይፈልግም፤ ከመውጣቱ በፊት አንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ብቻ ነው።

«መቼ» የሚለውን ጥያቄ ለዚህ አገር ሰው እንደ አዲስ ነገር ማስተማር ደግሞ ነውር ነው። ሲራራ ነጋዴ የሚኖረው በእሱ ነበር። የጊቤ አገር ገበያዎች በየቦታው ቀናቸው የተለያየ ነበርና፣ በቅሎና አህያ የጫነ ነጋዴ ዛሬ አንዱ ገበያ ውሎ ነገ ሌላው ይደርሳል። የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ከሁሉ የገነነ ነበር፤ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎማ የሚመጣው ሁሉ ለሐሙስ እንዲደርስ አስልቶ ይነሳል። ረቡዕ የደረሰ ለከብቱ ገፈራ ከፍሎ ያድራል፤ ዓርብ የደረሰ ሳምንቱን አጣ። መንገዱን ሁሉም ያውቀዋል። ነጋዴን ከነጋዴ የሚለየው ቀኑን አቆራኝቶ መያዙ ነበር። የዛሬዎቹ አይሱዙዎች ፍጥነት ሲጨምሩ ይህን ብልሃት ጥለውት መሄዳቸው ያሳዝናል፤ ፍጥነት ያለው ሰው ቀን መምረጥ የማያስፈልገው ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ለስላሳ የሚያከፋፍል መኪና ላይ ተሳፍሬ ወደ አጋሮ ወጥቻለሁ። ሹፌሩ መንገዱን በደንብ ነበር የነዳው። ሰዓቱ የጠፋው ሲቆም ነው። መኪናው ከሱቁ ፊት ይቆማል። ረዳቱ ይወርዳል። ባለሱቁ የለም፤ ልጁ «አባዬ መስጊድ ሄዷል፣ አሁን ይመጣል» ይላል። ባዶ ጠርሙሱ ከጓሮ ነው፤ በሦስት ካሳ ውስጥ ተደበላልቆ፣ የአንዱ ኩባንያ በሌላው ካሳ ገብቶ። ረዳቱ ቁጭ ብሎ ይለያል። አንዱ ጠርሙስ አፉ ተሸርፏል፤ አልቀበልም፣ ትቀበላለህ ክርክር ይነሳል። ባለሱቁ ይመጣል፤ ስንት ካሳ እንደሚፈልግ ገና ያስባል፤ «ኮላ ሁለት፣ አምቦ ውሃ… ቆይ እስኪ» ብሎ ፍሪጁን ይከፍታል። ሂሳቡ ሲደርስ ዝርዝር የለም፤ በቴሌብር ልላክ ይላል፤ ኔትወርክ ይጠበቃል። በዚህ መካከል ከኋላ የቆመ ባጃጅ ክላክስ ያደርጋል፣ ሹፌሩም መኪናውን ወደፊት አስጠግቶ ይመለሳል።

ይህን አንድ ማቆሚያ 15 ደቂቃ እንበለው። ሠላሳ ሱቅ ያለበት ዙር 450 ደቂቃ፣ ማለትም ሰባት ሰዓት ተኩል በመቆም ብቻ ያልፋል። ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ ከዚህ አጠገብ ትንሽ ነው። ከእያንዳንዱ ማቆሚያ ሦስት ደቂቃ ብቻ ብንቀንስ 90 ደቂቃ እናገኛለን፤ በዚህ አካባቢ 90 ደቂቃ የሚያተርፍ አቋራጭ መንገድ የለም። ሦስቱ ደቂቃ እንዴት ይገኛል? በዋዜማው ማታ በስልክ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንደርሳለን፤ ባዶውን በየካሳው አድርገህ ደጅ አውጣው፣ ስንት እንደምትፈልግ አሁን ንገረኝ» በማለት ነው። የጃፓኑ ማሽን በኔትወርክ የሚያስተላልፈውን መልእክት ባለሱቁ በአፉ ይነግራችኋል። ማሽን የሌለን መሆኑ እዚህ ላይ በጀን እላለሁ፤ ሱቁ ውስጥ የሚያወራ ሰው አለ።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት እንምጣ። ሁለት ሱቆችን አስቡ። የመጀመሪያው መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ በቀን ሦስት ካሳ ይሸጣል፣ ቦታውና ያለው ባዶ ጠርሙስ 12 ካሳ ብቻ ያስይዘዋል። በአራት ቀን ያልቅበታል። አንድ ቀን ለመጠባበቂያ ትተን በሦስት ቀን አንዴ መድረስ አለብን። ሁለተኛው መንደር ውስጥ ነው፤ አንድ ካሳ ለመሸጥ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፣ ስድስት ካሳ ይይዛል። ለ12 ቀን ይበቃዋል። ሁለቱንም «ማክሰኞ ማክሰኞ» ብላችሁ ብትይዟቸው መናኸሪያ ያለው ከየሳምንቱ ሦስት ቀን ባዶ ፍሪጅ ይዞ ይቀመጣል፤ ደንበኛው ከጎረቤት ይገዛል፣ ጎረቤቱም የሌላ አከፋፋይ ደንበኛ ነው። መንደር ውስጥ ያለው ደግሞ መኪናው ሲመጣ «አልጨረስኩም» ይላል፤ ሦስት ካሳ ለማራገፍ መኪናው መንደር ገብቶ ወጣ።

ብዙ አከፋፋይ ይህን ሲሰማ ለመናኸሪያው ሱቅ የመኪናውን ምልልስ መጨመር ይቀናዋል። እኔ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር እንዲታይ እመክራለሁ። ያ ሱቅ 12 ካሳ ብቻ የሚይዘው ለምንድን ነው? ቦታ አጥቶ ነው? ወይስ የጠርሙስና የካሳ ማስያዣ ገንዘብ አጥሮት? ማስያዣው ከሆነ፣ አከፋፋዩ አሥር ካሳ ጠርሙስ በእምነት ቢሰጠው ጉብኝቱ በሳምንት አንዴ ሊሆን ይችላል። አንዴ የተሰጠ ጠርሙስ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ነዳጅ ግን በየጉዞው ይቃጠላል፤ የማደያው ወረፋም ሳይቆጠር ነው።

ይህ አስተሳሰብ በትልቁ የሠራበትን ቦታ ላሳያችሁ። እኛ ጋ ለመሸጫ ማሽን የቅርብ ዘመድ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን፣ ኤቲኤም የምንለው ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2001 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ስምንት ማሽን ተክሎ ጀመረ። ዛሬ በወረዳ ከተሞች ሳይቀር አሉ። አንድ ማሽን ብዙውን ጊዜ አራት የገንዘብ ሣጥን ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ 2,000 ኖት ይይዛል ብለን እናስላ። የ100 ብር ኖት ብቻ ቢሞላ አራቱ ሣጥኖች 800,000 ብር ናቸው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሱ የ200 ብር ኖት ይፋ ሆነ። በዚያው ማሽን፣ በዚያው ሣጥን፣ በዚያው ኖት ብዛት 1,600,000 ብር መያዝ ተቻለ። ማሽኑ አልተቀየረም፤ መንገዱ አልተሠራም፤ ጥበቃና ባለቁልፍ አስከትሎ የሚሄደው መኪና ግን ለዚያው ወጪ ገንዘብ የሚሄድበትን ምልልስ በግማሽ መቀነስ የሚችልበት በር ተከፈተለት። ኋላ የዋጋ ንረት ያን ትርፍ መልሶ መብላቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ነጥቡ ግን እንዳለ ነው፤ የሚቆምበትን ቦታ አቅም ማሳደግ መኪናውን ከማሮጥ በብዙ ይረክሳል።

በስንት ቀን አንዴ እንሂድ ለሚለው ግን አንድ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም። ጅማ ዞን ውስጥ ፍጆታን የሚገለባብጠው ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ሲለቀም አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ ገንዘብ ይገባል፤ ለቃሚው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ሰብሳቢው ሁሉ ከተማ ይውላል። በሐምሌ በሳምንት ስድስት ካሳ የሚሸጥ ሱቅ በኅዳር በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ የባንኩም ማሽን ዓርብ ከሰዓት «ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» ብሎ ይቆማል። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሽያጩ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነውና የጠጠሩ መንገድ ጠዋት ማለቅ አለበት። ረመዳን ሲገባ የቀኑ ሽያጭ ወደ ማታ ይዞራል፤ ጠዋት 2 ሰዓት የሚደርስ መኪና ገና ያልተከፈተ ሱቅ ያገኛል፤ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ላይ ከአፍጥር በፊት የሚደርሰው ግን ባለሱቁን እየጠበቀው ያገኘዋል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ድረስ ጁምዓ ነው። አጋሮን ለዓርብ እኩለ ቀን የሚመድብ ዕቅድ ያወጣ ሰው አገሩን አያውቅም ማለት ነው፤ ከአዲስ አበባ በሚላክ ሰንጠረዥ ላይ እንዲህ ያለውን ብታዩ አትደነቁ።

ስለ ቡና ካነሳን ዕቃ የሚያዞረውን ትተን የሚሰበስበውን እንመልከት፤ እዚያ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ ይቆጣጠራል። የታጠበ ቡና ለማዘጋጀት ቀዩ እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ይፈጃል፤ ማለትም እሸት የሚጭን መኪና አብዛኛውን የሚያጓጉዘው ገለፈትና ውሃ ነው። ገበሬው ቀን ይለቅማል፣ ከቀትር በኋላ መሰብሰቢያው ጋ ያደርሳል፤ መኪናው ቀድሞ ከመጣ ባዶውን ይመለሳል፣ ከዘገየ እሸቱ ተከምሮ ይሞቃል። ለዚህ የሚሆን መልካም ዙር ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ መፍትሔው መፈልፈያ ማሽኑን ወደ ገበሬው ማምጣት ሆነ።

የጅማ ቡና ለብዙ ዓመት በጀንፈል እየደረቀ «ጅማ 5» በሚባለው ደረጃ ነበር የሚታወቀው። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከ2008 እ.ኤ.አ. በኋላ በያዘው ፕሮግራም በጅማ ዞን የገበሬ ማኅበራት የራሳቸውን መፈልፈያ ጣቢያ እንዲተክሉ ሲያግዝ፣ ጣቢያው ቀበሌው ውስጥ ገባ። ከእነዚህ አንዱ በጎማ ወረዳ በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በተመሠረተ በሁለት ዓመቱ፣ በ2012፣ የአፍሪካ ቡናዎች በቀረቡበት የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ለዚህ ድል የገበሬው ለቀማ፣ የማጠቢያው ውሃ፣ የማድረቂያው አልጋ ላይ ጥንቃቄ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ለእኛ ርእስ የሚሆነው ግን ይህ ነው፤ መፈልፈያው ሲቀርብ እሸቱ በዕለቱ መድረስ ቻለ፣ ከዚያ ወደ ውጭ የሚጫነው ደግሞ ክብደቱ በብዙ የቀነሰ ደረቅ ቡና ሆነ። መኪና በደረቁ ቡና ላይ ቀን መምረጥ ይችላል። በእሸቱ ላይ አይችልም።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጋር አልስማማም። እነሱ ዙሩ በየዕለቱ እንደየፍላጎቱ ይቀያየር፤ ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም ዛሬ ማን ጋ እንደሚኬድ ይወስን ይላሉ። ለመሸጫ ማሽን ይህ ትክክል ነው፤ ማሽን ሰኞም መጡበት ረቡዕ ቅር አይለውም። የእኛ ባለሱቅ ግን ለመኪናው ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ባዶ ጠርሙስ ይለቅማል፣ ገበያ የሚሄድበትን ቀን ያስተካክላል። «ማክሰኞ ትመጣላችሁ» ያለው ሰው ማክሰኞ ካልመጣችሁበት ቀጣዩን ጊዜ አያምናችሁም፤ ገንዘቡንም ለሌላ አከፋፋይ ይሰጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መንገድ ቀኑ ይጽና። የሚቀያየረው የሚጫነው መጠንና በዚያ ቀን የሚዘለለው ሱቅ ይሁን። ማታ ደውላችሁ «አልጨረስኩም» ያለውን ዝለሉት፤ በቀጣዩ ሳምንት ግን በዚያው ቀን ደውሉለት። የዙሩም ቀን መቁጠሪያ በዓመት ሦስት ጊዜ ይታደስ፤ ቡና ሊደርስ ሲል፣ ቡና ሲያልቅና ክረምት ሲገባ። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚፈጥን እሱን ለብቻው ጻፉት።

ከመካከላችሁ መሸጫ ማሽን አስመጥቶ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ ወይም መናኸሪያው ላይ ለመትከል የሚያስብ እንዳለ ሰምቻለሁ። አልከለክልም። የሳንቲም ችግር እንደ ድሮው አያግድም፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ሰዉን በስልክ መክፈል አስለምዶታል። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ቀዝቃዛ መጠጥ የሚሸጥ ማሽን መትከል ግን ኪሳራ ነው። አምስት ማሽን ካላችሁ አንድ ጅማ፣ አንድ አጋሮ፣ አንድ ሊሙ ገነት፣ አንድ ሸቤ፣ አንድ ሰርቦ አድርጋችሁ አትበትኑ፤ የስሌቱን ዜሮ አይታችሁታል። አምስቱንም ከተማው ውስጥ ወይም በአንድ መንገድ ላይ አስቀምጧቸው፤ ሌላው መንገድ ስድስተኛውና ሰባተኛው ማሽን ሲመጡ ይደርሳል።

ለነጋዴዎችና ለሹፌሮች አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ልጨርስ። የቡና ለቀማው ከመጀመሩ በፊት፣ ከመስከረም መግቢያ ጀምሮ፣ መኪናው ውስጥ አንድ ባለመስመር ደብተር ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ሱቅ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፤ የደረሳችሁበትን ሰዓት፣ የወጣችሁበትን ሰዓት፣ ስትደርሱ ሳይሸጥ የቀረውን ካሳ፣ ያወረዳችሁትን ካሳ። ረዳቱ ይጻፈው፤ ሹፌሩ እየነዳ አይጽፍም። በጥቅምት መጨረሻ ደብተሩን ይዛችሁ ኑና የትኛው ሱቅ በስንት ቀን መጎብኘት እንዳለበት አብረን እናሰላለን። ከዚያ በፊት ግን ማንም አዲስ መኪና እንዳይገዛ እለምናለሁ፤ ያለው መኪና ያለ ሥራ የቆመበት ሰዓት ስንት እንደሆነ ገና አልቆጠርንም።